ሰንጢ ለክፉ ቀን

አቃቂ ውስጥ የሰንጢ ክርክር የሚጀምረው ፋብሪካ በር ላይ ነው። የጠዋቱ ፈረቃ ሊገባ ሲል ጥበቃው ኪስ ይዳብሳል፤ ቦርሳ ያስከፍታል፤ የምሳ ዕቃ ክዳን ያስነሣል። ላይተር ይወሰዳል፣ ሲጋራ ይወሰዳል፣ አንዳንድ ቦታ ስልክም ይወሰዳል። ሰንጢ ሲገኝ ግን ነገር ይረዝማል። ባለቤቱ ጫኝና አውራጅ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሲባጎ ሲበጥስ፣ የማዳበሪያ አፍ ሲፈታ፣ ካርቶን ሲከፍት የሚውለው በዚችው ሰንጢ ነው። በዚያ ላይ ክፉ ቀን ቢመጣ፣ ገመድ እግር ቢጠልፍ ወይም ቺንጋ ልብስ ቢይዝ፣ በጥርሱ ሊበጥስ ነው ወይ? ጥበቃው የታዘዘው አጭር ነው፤ ስለት አይገባም። ደመወዝ በተከፈለ ማታ አረቄ ቤት ደጃፍ ላይ ሰንጢ ምን እንደሚሠራ እሱም ያውቃል።

ሁለቱም እውነት ይዘዋል። እንደ ልማዳችን የሚሸነፈው ግን ደረጃው ዝቅ ያለው ነው፤ ሰንጢው ይቀራል፣ ሰውየው ይገባል፣ ሲባጎው በሌላ መንገድ ይቆረጣል። በምን? በተሰበረ የመጋዝ ስለት፣ በላሜራ ቁራጭ፣ በጠርሙስ ስባሪ፤ አንዳንዴም በእውነት በጥርስ።

ለአደጋ ጊዜ ይሆነኛል ብሎ ስለት በኪስ መያዝ ነፍስ ያድናል ወይ? መቼ? መቼስ ራሱ አደጋ ይሆናል? የደረስኩበትን አስቀድሜ ልናገር። ስለት የሚያድንባቸው አጋጣሚዎች አሉ፤ ጥቂት ናቸው። በእነዚያ ጊዜያት የሚያስፈልገው ስለት በብዙዎች ኪስ ካለው ሹል ሰንጢ በቅርጹ ይለያል። መግዛት ያለበትም አሠሪው ነው። እስኪገዛ ድረስ ግን በሰንጢው ባለቤት ላይ መፍረድ ይከብደኛል።

ስለ አቃቂ ማውራቴ ያለ ምክንያት አይደለም። የጂቡቲው ባቡር እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ አቃቂ የመንገዱ ጣቢያ ነበረች። ከዚያ ወዲህ የከተማዋ ከባድ ሥራ ሁሉ ወደዚህ ወደ ደቡብ ጫፍ ወርዷል። ጨርቃ ጨርቁ፣ የምግብ ፋብሪካው፣ ብረት ማቅለጫውና መዳመጫው፣ ፕላስቲኩ፣ ስፖንጁ፣ ዱቄቱ፣ የጋርመንት ሼዱ እዚህ ነው። የቃሊቲ ጉምሩክ ኮንቴይነር የሚፈታበት፣ የቃሊቲ መናኸሪያ ከደቡብና ከምሥራቅ የሚመጣው አውቶብስ የሚራገፍበት፣ ቱሉ ዲምቱ ወደ አዳማ የሚወስደው ፈጣን መንገድ የሚነሣበት ነው። የቂሊንጦ ኢንዱስትሪ ፓርክም በዚሁ ክፍለ ከተማ ይገኛል። አንድ ሰው በዚህ አካባቢ በአንድ ቀን ውስጥ ገመድ፣ ቺንጋ፣ የጋለ ብረት፣ የተገለበጠ መኪናና የመቀመጫ ቀበቶ ሊያጋጥመው ይችላል። እንግዲህ ሰንጢ ያስፈልጋል አያስፈልግም የሚለውን ለመፈተሽ ከዚህ የተሻለ ሰፈር የለም።

ስለት የሚይዘው ማን ነው? ከሁሉ በፊት የጭነት መኪና ረዳት። ሸራ ያስራል፣ ገመድ ያሳጥራል፣ ከአሮጌ ከመነዳሪ ማሰሪያ ይተለትላል፤ ሰንጢ የሌለው ረዳት እጁ እንደጎደለ ነው የሚቆጠረው። ቀጥሎ አውራጁና የመጋዘን ሠራተኛው፤ የእነሱ ይበልጡን ካተር ነው፤ ያ ስለቱ ከፕላስቲክ እጀታ እየተገፋ የሚወጣው። የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ሽቦ ይልጥበታል፤ ጎሚስታው ጎማ ይልጥበታል። ሸማኔዋና ሰፊዋ የክር መቁረጫ ትንሽ መቀስ በጣታቸው ይዘው ይውላሉ፤ እሱን ማንም እንደ ስለት አይቆጥረውም። አረጋውያኑ ደግሞ ከሌላ ዘመን የመጣ ምክንያት አላቸው፦ ሰንጢ ለቁርጥ፣ ለሸንኮራ፣ ለመፋቂያ። ለክፉ ቀን የሚለው ምክንያት ከነዚህ ሁሉ ኋላ የሚመጣ ነው። አብዛኛው ሰው ስለቱን የያዘው ለሥራ ሆኖ ሳለ፣ ሲጠየቅ ግን ለአደጋ ነው ይላል፤ ለአደጋ ማለት ከጥበቃ ፊት የተሻለ ይሰማልና።

ዕቃው ከየት ይመጣል ቢባል፣ አብዛኛው ከቻይና የመጣ ርካሽ ታጣፊ ነው። ከመርካቶ ምናለሽ ተራ የሚወጣም አለ፤ እዚያ አሮጌ ብረት አዲስ ዕቃ ይሆናል፤ ከመኪና ባሌስትራ የተቀጠቀጠ ቢላዋ ስለት በመያዝ ከመጣው ታጣፊ ይሻላል። የሚያስገርመው፣ የእጅ መሣሪያ ለአገር እንዲያመርት በደርግ ዘመን መጨረሻ የተቋቋመው ፋብሪካ ያለው እዚሁ ነው፤ አቃቂ መለዋወጫና የእጅ መሣሪያዎች ይባል ነበር፣ በኋላ የመንግሥት ኮርፖሬሽን በነበረው በሜቴክ ሥር ገብቶ አቃቂ መሠረታዊ ብረታ ብረት ሆነ። ጎረቤቱ የሆነው አውራጅ ግን ሰንጢውን ከመንገድ ዳር የላስቲክ ንጣፍ ላይ ይገዛል።

የኪስ ቢላ በዓለም ስሙ የገነነው በስዊዘርላንድ ነው። ካርል ኤልስነር እ.ኤ.አ. በ1891 ለአገሩ ወታደሮች ታጣፊ ቢላ ማቅረብ ጀመረ። ቢላው የተፈለገው ለጨበጣ ውጊያ ሳይሆን የታሸገ ምግብ ለመክፈትና ጠመንጃ ለመፍታት ነበር፤ ስለዚህ ከስለቱ ጎን ቆርቆሮ መክፈቻና ካቻቢቴ ነበረው። ከብዙ ዓመት በኋላ አሜሪካዊው ቲም ሌዘርማን እ.ኤ.አ. በ1975 በአሮጌ ፊያት አውሮፓን ሲዞር መኪናዋ እየተበላሸች አስቸገረችው፤ በኪሱ የነበረው ቢላ ፒንሳ ስለሌለው ተናደደ፤ ከዚህ ንዴት በ1983 ለገበያ የቀረበው ባለፒንሳ መሣሪያ ተወለደ። የአቃቂ መካኒክ ይህን ታሪክ ቢሰማ አይገረምም። ከስለትና ከፒንሳ አንዱን ምረጥ ቢባል ፒንሳውን እንደሚመርጥ አልጠራጠርም።

አሁን ወደ ማሽኑ እንሂድ፤ የክርክሩ ልብ እዚህ ነውና። ልብሴን ማሽን ቢይዘው ቆርጬ አመልጣለሁ የሚለው እምነት በሠራተኛ ዘንድ በጣም ተስፋፍቷል። በቁጥር እንየው። አንድ ቶርኖ በደቂቃ 600 ዙር ይዞራል እንበል፤ ይህ ከፍተኛ ፍጥነት አይደለም። በሰከንድ 10 ዙር ማለት ነው። ዘንጉ 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ካለው በአንድ ዙር 15.7 ሴንቲ ሜትር ጨርቅ ይጠመጥማል፤ በሰከንድ ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ። ጤነኛ ሰው አንድ ነገር ደርሶበት እጁ እስኪንቀሳቀስ ሩብ ሰከንድ ያህል ይወስድበታል። በዚያች ሩብ ሰከንድ ማሽኑ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ጨርቅ ጠምጥሟል። ከእጅ አንጓ እስከ ክርን ያለው ርቀት ከዚህ ያንሳል። እጅን ወደ ኪስ መስደድ፣ ሰንጢ ማውጣት፣ መክፈት፣ ያውም በግራ እጅ፣ ሦስት ሰከንድ ቢፈጅ ማሽኑ አምስት ሜትር ያህል ሊጠመጥም ነው። አምስት ሜትር ልብስ የለበሰ ሰው የለም።

ስለዚህ በሚዞር ማሽን ላይ ሰንጢ መድኃኒት አይደለም፤ ሊሆንም አይችልም። የሚያድነው ከዚያ በፊት ያለው ነው፦ እጅጌው የተሰበሰበ ቱታ፣ ያልተንዘረፈፈ ሻሽ፣ ቶርኖ ላይ ጓንት አለማድረግ፣ የማሽኑ ከለላ በቦታው መኖር፣ እጅ የሚደርስበት ቀይ ማቆሚያ ቁልፍ። የማውቃቸው ካቦዎች በቀበቷቸው ላይ የቁልፍ ዘለላ አንጠልጥለው ይዞራሉ፤ ቀዩ ቁልፍ ከተቀጠሩ ጀምሮ ይሠራ እንደሆነ የሞከሩት ግን ስንቶቹ እንደሆኑ መጠየቅ ይቻላል። በየሰፈሩ ያለው ወፍጮ ቤት ከፋብሪካው የባሰ ነው። ከሞተሩ ወደ ወፍጮው የሚሄደው ቺንጋ ብዙ ጊዜ ገላጣ ነው፤ እህል ይዛ የምትጠብቀው ሴት ነጠላ ለብሳ፣ ልጅ አዝላ፣ በጠባብ ክፍል ውስጥ ከቺንጋው አጠገብ ትቆማለች። እዚያ የሚያስፈልገው አንድ የቆርቆሮ ከለላና በሩ አጠገብ ያለ ማብሪያ ማጥፊያ ነው።

የሰንጢን ጀግንነት የሚያወሱ ሁልጊዜ የሚጠቅሱት ታሪክ አለ። የደቡብ ካሮላይናው ገበሬ ሳምፕሰን ፓርከር እ.ኤ.አ. በ2007 በአሮጌ የበቆሎ መልቀሚያ ማሽን ሲሠራ አገዳ ተቀረቀረበት። ማሽኑን ሳያጠፋ እጁን ሰደደ፤ ማሽኑ እጁን ያዘው። ከአንድ ሰዓት በላይ ቢጮህ የሚሰማው ጠፋ። ማሽኑን ለማስቆም ብረት ሰንቅሮ ነበርና ከፍትጊያው እሳት ተነሣ። በኪሱ በነበረች ትንሽ ቢላ የራሱን ክንድ ቆርጦ ወጣ፤ ተረፈም። ታሪኩ እውነት ነው፤ ልብም ይነካል። ከዚህ ታሪክ ሰንጢ ያዙ የሚለውን ብቻ ይዞ የሚሄድ አንባቢ ግን የታሪኩን መጀመሪያ ዘሎታል። ማሽኑ ቢጠፋ፣ ወይም የሚሰማው አንድ ሰው ቢኖር፣ ክንዱ ከእሱ ጋር በቀረ ነበር። ተራራ ወጪው አሮን ራልስተንም እ.ኤ.አ. በ2003 በዩታ አለት ክንዱን ይዞት ከአምስት ቀን በኋላ በደነዘ መሣሪያ ቆርጦ ወጥቷል፤ ፊልምም ተሠርቶለታል። ወደ የት እንደሚሄድ ለማንም አልተናገረም ነበር። ሰንጢ በእነዚህ ሰዎች ታሪክ የመጣው ሌላው ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው።

ታዲያ ስለት በእውነት የሚያድነው መቼ ነው? እንቅስቃሴው ከቆመና ሰውየው ከታሰረ። ማሽኑ ኃይሉ ተቋርጧል፣ የተጠመጠመው ሻሽ ግን አንገት ላይ እንደጠበቀ ነው፤ ያኔ መፍታት አይቻልም፣ መቁረጥ ብቻ። የባጃጅ ወይም የሞተር ብስክሌት ጎማ ነጠላ ጠምጥሞ ሲቆምም እንደዚያው ነው። ከጭነት ላይ የወደቀ ሰው እግሩ በገመድ ተጠልፎ ቁልቁል ሲንጠለጠል፣ ከሥር ደግፎ መቁረጥ ያስፈልጋል። ደግፎ የሚለውን ቃል አጠብቄ ነው የምናገረው፤ የተንጠለጠለን ሰው ሳይደግፉ ገመዱን መቁረጥ ሁለተኛ አደጋ መፍጠር ነው። የተወጠረ ገመድ ሲቆረጥ ደግሞ እንደ ጅራፍ ተመልሶ ፊት ይመታል። የጥጥ ቤልና የብረት ጥቅል የሚታሰርበትን ብረት ማሰሪያ ከነጭራሹ በሰንጢ መሞከር ከንቱ ነው፤ የብረት መቀስና የዓይን መነጽር ይፈልጋል።

የመኪና አደጋ ለብቻው መነገር አለበት። 85 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝመው የአዲስ አበባ አዳማ ፈጣን መንገድም ሆነ በአሮጌው የደብረ ዘይት መንገድ መኪና ሲገለበጥ መጀመሪያ የሚደርሰው አምቡላንስ አይደለም፤ ከኋላ የሚመጣ ሹፌርና ረዳቱ ነው። የመቀመጫ ቀበቶ ብዙ ጊዜ መፍቻው ተጭኖ ይከፈታል፤ መጀመሪያ እሱን መሞከር ነው። የሰውየው ክብደት ተንጠልጥሎበት ካልከፈተ፣ ወይም መፍቻው በተጨፈለቀ በር ሥር ከገባ፣ መቁረጥ ግድ ይሆናል። መኪናው በጣሪያው ከተገለበጠ ቀበቶው ሲቆረጥ ሰውየው በጭንቅላቱ ይወድቃል፤ አንገቱ አስቀድሞ ተጎድቶ ከሆነ የሚጨርሰው ይህ ነው። ስለዚህ አንዱ ትከሻውንና ወገቡን ይደግፋል፣ ሌላው ይቆርጣል። የሚቆረጠውም ከአንገት ርቆ ነው። በዚህ ቦታ ሹል ሰንጢ ያስፈራል፤ በድንጋጤ የሚንቀጠቀጥ እጅ፣ የሚወራጭ ሰው፣ ሆድና አንገት አጠገብ ያለ ጫፍ። በሌሎች አገሮች ለዚሁ የተሠራ ቀበቶ መቁረጫ አለ፤ ስለቱ ጎድጓዳ ውስጥ ተደብቋል፣ ቀበቶው ብቻ ይገባበታል፣ ጣት አይገባም። ሌላኛው ጫፉ መስታወት የሚሰብር ብረት ነው። ዋጋው ከአንድ ደህና ሰንጢ አይበልጥም፤ መቀመጫው ግን ከኪስ ይልቅ ጋቢና ውስጥ፣ ሹፌሩ ተገልብጦም እጁ የሚደርስበት ቦታ ነው።

ልብስ መቅደድም አለ። ደም የሚፈስበትን ቦታ ለማየት ሱሪ መቀደድ አለበት፤ የጋለ ብረት የነካው ሰው ልብሱ ከላዩ መነሣት አለበት። ለዚህ ከሰንጢ ይልቅ ጫፉ ድፍን የሆነ የሕክምና መቀስ ይሻላል፤ ጂንስና የቆዳ ቀበቶ ሳይቀር ይቆርጣል፣ ቆዳን ግን አይወጋም። በብረት መዳመጫ አካባቢ ቃጠሎ ሲደርስ ቆዳ ላይ የተጣበቀውን ጨርቅ አለመንካት ነው፤ ዙሪያውን ቆርጦ የተጣበቀውን መተው። ከዚያ በንጹሕ ውኃ 20 ደቂቃ ያህል ማቀዝቀዝ። ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ሊጥ አይቀባም። በአዲስ አበባ ከባድ ቃጠሎ የሚታከምባቸው የየካቲት 12 እና የአቤት ሆስፒታሎች ሲሆኑ፣ ለአቃቂ ቅርቡ ግን ጥሩነሽ ቤጂንግ ነው።

ስለት እጅ ላይ መኖሩ ብቻውን ያላስፈለገ ቆራጭነት ያመጣል። እባብ የነከሰውን ቦታ በምላጭ መተልተል ዛሬም በብዙ አካባቢ ይደረጋል፤ መርዙ አይወጣም፣ ደሙ ይፈስሳል፣ ቁስሉ ያመረቅዛል። የዓለም ጤና ድርጅት አታድርጉት ካለ ቆይቷል። የሚደረገው የተነከሰውን እጅ ወይም እግር ሳያንቀሳቅሱ ተጎጂውን በፍጥነት ወደ ሐኪም መውሰድ ነው። በመንገድ ላይ ምጥ የመጣባት ሴት ስትወልድም አጠገቧ ያለ ባለሰንጢ እትብት ካልቆረጥኩ ይላል። እትብቱ አይቸኩልም፤ ሕፃኑን አድርቆ፣ እናቱ ደረት ላይ አድርጎ፣ አልብሶ አምቡላንስ መጠበቅ ይቻላል። በቆሸሸ ስለት የተቆረጠ እትብት ስንት ጨቅላ በመንጋጋ ቆልፍ እንደቀጠፈ አያቶቻችን ያውቁታል፤ ኢትዮጵያ ይህን በሽታ ከእናቶችና ከጨቅላ ሕፃናት ማስወገዷ የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ሰውነት ውስጥ የተሰካ ብረትም አይነቀልም፤ በሰንጢም አይፈለፈልም። ኤሌክትሪክ የያዘውን ሰው ለማዳን ሽቦውን በሰንጢ የሚቆርጥ ሰው ደግሞ ሁለተኛ ሟች ሊሆን ነው፤ መጀመሪያ ቆጣሪው ይጠፋል።

እንግዲህ ስለቱ ራሱ የሚያደርሰውን ጉዳት ስናይ ሚዛኑ ይበልጥ ያጋድላል። በማንኛውም መጋዘን አንድ ሰው በማሽን ተይዞ በሰንጢ ሲድን ከሚታይበት ቀን ይልቅ፣ አንድ ሰው በገዛ ካተሩ ግራ እጁን ሲቆርጥ የሚታይበት ቀን እጅግ ይበዛል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ርካሹ ታጣፊ ሰንጢ መቆለፊያ የለውም፤ ሲጫኑት ተመልሶ ጣት ላይ ይታጠፋል። ካተሩ ስለቱ በረጅሙ ወጥቶ ሲጫኑት ይሰበራል፤ ስባሪው ወደ ዓይን ይፈናጠራል። ስለቱ ሲደንዝ ሰው ኃይል ይጨምራል፤ ኃይል የጨመረ እጅ ሲያመልጠው ማቆሚያ የለውም። አብዛኛው ሰውም ወደ ራሱ እየሳበ ነው የሚቆርጠው፤ የያዘው እጁ ደግሞ በስለቱ መንገድ ላይ ነው። በሠለጠኑ መጋዘኖች አሁን የሚሠራበት ካተር ራሱን የሚመልስ ነው፤ አውራ ጣት ሲለቀው ወይም ካርቶኑ ሲያልቅ ስለቱ ወደ እጀታው ይገባል። በአገራችን ገበያ እንደ ልብ አይገኝም፤ ማስመጣት ግን ለአንድ ፋብሪካ ከባድ አይደለም።

ጣት ከተቆረጠስ? ይህን ብዙ ሰው ይሳሳተዋል። በመጀመሪያ የሚደማውን እጅ በንጹሕ ጨርቅ አጥብቆ መጫንና ከፍ ማድረግ። ከዚያ የተቆረጠው ጣት በረጠበ ንጹሕ ጨርቅ ይጠቀለላል፣ በንጹሕ ፌስታል ይታሰራል፣ ፌስታሉ በረዶ ባለበት ውኃ ውስጥ ይቀመጣል። ጣቱ በቀጥታ በረዶ ላይ አይደረግም፤ ሥጋው በበረዶ ይሞታልና። በዛገ ወይም በቆሸሸ ስለት የተቆረጠ ሰው ቁስሉ ትንሽ ቢሆንም የመንጋጋ ቆልፍ ክትባቱን ይጠይቅ።

ኪስ ውስጥ ሊኖር የሚገባው ሌላ ነገር አለ ብል የሰንጢ ወዳጆች ይቀየሙኛል፤ ግን ልበለው። በሥራ ቦታ ሰውን በፍጥነት ከሚገድሉት አንዱ የደም መፍሰስ ነው፤ ትልቅ የደም ሥር ከተቆረጠ በደቂቃዎች ውስጥ። ደም የሚያቆመው ጨርቅና ክብደት ነው፤ አጥብቆ መጫን፣ ሳይለቁ መጫን፣ እጅ ወይም እግር ላይ ከሆነና ካልቆመ ሰፊ ማሰሪያ ከቁስሉ በላይ ማሰር፣ ያሰሩበትንም ሰዓት መጻፍ። ሁለት ጥቅልል ፋሻና አንድ ሰፊ ማሰሪያ ከሰንጢ አይከብዱም። ጥበቃም አይወስዳቸውም።

ሕጉ ምን ይላል? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ቦታን ደህንነት የመጠበቅ ግዴታ የጣለው በአሠሪው ላይ ነው፤ የአደጋ መከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብ፣ ሠራተኛው ስለ አደጋው እንዲያውቅ እንዲያደርግ፣ አደጋ ሲደርስ የመጀመሪያ እርዳታ በጊዜው እንዲሰጥና ተጎጂውን ቅርብ ወዳለ የሕክምና ተቋም እንዲያደርስ። አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ኃላፊ ነው። ከዚህ የሚያመልጠው ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ከጎዳ ነው፤ በግልጽ የተሰጠን የደህንነት መመሪያ መጣስና ሰክሮ ሥራ መግባት ከዚሁ ይቆጠራሉ። የሰንጢ ነገር አጣብቂኝ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። በሩ ላይ ስለት ክልክል ነው የሚል ማስታወቂያ ካለና ሠራተኛው ደብቆ ባስገባው ሰንጢ እጁን ቢቆርጥ፣ የአሠሪው ጠበቃ ማስታወቂያውን ይዞ መቅረቡ አይቀርም። የሠራተኛው ጠበቃም መልስ አያጣም፦ ሥራው መቁረጥ ነው፤ መቁረጫ አልሰጣችሁም፤ ታዲያ በምን ይቁረጥ? እኔ ብጠየቅ የሁለተኛው ክርክር ይመዝንብኛል። ሥራው ስለት የሚጠይቅ ከሆነ ስለት መከልከል ብቻውን የደህንነት መመሪያ አይባልም።

ኢትዮጵያ የዓለም ሥራ ድርጅትን የሥራ ደህንነትና ጤንነት ስምምነት ቁጥር 155 ያጸደቀችው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። ድርጅቱ በ2022 ደህንነቱ የተጠበቀ የሥራ ቦታን ከመሠረታዊ መብቶች ተርታ አስገብቶታል። ወረቀቱ አልጎደለም።

ከፋብሪካ ውጭ ያለው ጉዳይ አጭር ነው። በመስቀል፣ በጥምቀትና በኢሬቻ በዓላት ፖሊስ ስለታማ ነገር ይዞ መምጣት ክልክል መሆኑን ደጋግሞ ያስታውቃል፤ ባንክ፣ መንግሥት መሥሪያ ቤትና ሆቴል በርም ይፈተሻል፤ አውሮፕላን ውስጥ በእጅ ሻንጣ አይገባም። የእንግሊዝ ሕግ ስለቱ ከ7.62 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠና የማይቆለፍ ታጣፊ ቢላን ያለ ምክንያት መያዝ ይፈቅዳል፤ ከዚያ በላይ ለሆነው በቂ ምክንያት ይጠይቃል፣ ሥራ አንዱ ምክንያት ነው። የሚገርመው፣ ለእጅ የሚሻለው ተቆላፊው በሕግ ፊት የሚጠረጠረው መሆኑ ነው። ሌሊት ሰፈር ውስጥ ራሴን ለመከላከል ብሎ ሰንጢ የሚይዘውን ወጣት በተመለከተ ብዙ አልልም። ለአደጋ የተያዘ ስለትና ለጠብ የተያዘ ስለት ኪስ ውስጥ ሳሉ አይለያዩም፤ የሚለዩት ንዴት ሲመጣ ነው፤ ያኔ ደግሞ ዘግይቷል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ለረዳትና ለአውራጅ፣ ሥራቸው ነውና፣ አሠሪው ተቆላፊና ጫፉ ድፍን የሆነ አጭር ቢላ ወይም ራሱን የሚመልስ ካተር ይስጣቸው። 6 ሴንቲ ሜትር ስለት ይበቃል፤ ለገመድና ለቀበቶ ከሆነ ግማሹ ጥርስ ያለው ቢሆን ይመረጣል። በየጋቢናውና በየፎርክሊፍቱ ቀበቶ መቁረጫ፣ በየማሽን መስመሩ ከቀዩ ቁልፍ አጠገብ ድፍን ጫፍ መቀስና ፋሻ ይሰቀል። አጠገቡ በትልቁ 907 ይጻፍ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ነው። 939ም ይጻፍ፤ የእሳትና ድንገተኛ አደጋ ነው። የምግብ ፋብሪካዎች አሠራር እዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው፦ በደንብ በሚመሩት ዘንድ እያንዳንዱ ስለት ቁጥር አለው፤ በፈረቃ መጀመሪያ በፊርማ ይወጣል፣ በመጨረሻው ይቆጠራል፣ አንድ ከጎደለ ምርቱ አይወጣም። ይህን ያደረጉት ለዳቦ በላተኛው ብለው ነው፤ ለሠራተኛው ቢደረግም ወጪው ያው ነው።

አንድ እንቅፋት ግን ከሁሉም በላይ ያሰጋኛል፤ በዕቃ ግምጃ ቤት በኩል የሚመጣው። መቀሱም ፋሻውም ቢገዛ ንብረት ነው ተብሎ ይመዘገባል፣ ይጠፋል ተብሎ ይቆለፍበታል፤ ግምጃ ቤት ኃላፊው 11 ሰዓት ላይ ቁልፉን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የሌሊቱ ፈረቃ ደግሞ ሥራ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። የሠራተኛ ማኅበራት ከአሠሪ ጋር ሲቀመጡ ስለ ሰንጢ ከመከራከራቸው በፊት መጠየቅ ያለባቸው ይህንን ነው፦ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የመጀመሪያ እርዳታ ሳጥኑ ቁልፍ ማን እጅ ነው ያለው?